የአያ እንድሪስ ጥሬ ሽምብራ

በ2003 ዓ.ም. የኩታበር ወረዳ የኢነርጂ ባለሙያ ነበርኩ። ዕቅዴ አሥራ አራት የባዮጋዝ ጉድጓድ ማሠራት፣ አፈጻጸሜ ደግሞ አንድ! እሱም የአያ እንድሪስ ነው። የቆፈሩትም ለእኔ ብለው አይደለም፤ የሚስታቸው የእትዬ መርየም ዓይን በኩበት ጭስ ሊጠፋ ስለደረሰ ነው።

ከወር በኋላ ጉድጓዱ ውስጥ የተሞላው እበት ጋዝ ሰጠና ምድጃው ሲቀጣጠል ጎረቤቱ ሁሉ አጨበጨበ። እትዬ መርየም ሽሮ ሠርተው አቀረቡ። አያ እንድሪስ ግን እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ወላሂ፣ ከእበት በወጣ እሳት የበሰለ አልቀምስም!»

በማግስቱ ተመዝግበው የነበሩት ዘጠኝ ገበሬዎች ስማቸውን አሰረዙ። በሽቄ ደሴ፣ ዞን ድረስ ሄድኩ። ኃላፊው በጥሞና ሰሙኝና አርባ ፖስተር አሸክመው መለሱኝ። ፖስተሩ ላይ ምድጃ አቅፋ የምትስቀው ሴትዮ ምን እንዳሳቃት እስካሁን አይገባኝም።

በሦስተኛው ቀን ፖስተሬን ይዤ ስደርስ፣ አያ እንድሪስ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ውሃ የነካው ጥሬ ሽምብራ ያኝካሉ።

«ምነው አያ፣ ምን ሆኑ?»

«እሷን ጠይቃት፣ ቃለሕይወት!» አሉኝ።

እትዬ መርየም ከውስጥ መለሱ። «ኩበቱስ እበት አይደል? ሠላሳ ዓመት በኩበት ጋግሬ አብልቼዋለሁ። ዛሬ እበት ካስጠላው፣ በእበት ያልበሰለ ይብላ!»

አጥር ጥግ የቆሙት ጎረቤቶች በሳቅ ፈረሱ። እኔም የመንግሥት ሠራተኛነቴን ረስቼ ሳቅኩ። አያ እንድሪስ ትንሽ አጉረመረሙና ሽምብራቸውን ለዶሮዎቹ በተኑት።

«በይ አቅርቢው። ላፈረስኩት መሐላዬ ሦስት ቀን እጾማለሁ፤ ለምጄው የለ!»

ሁላችንም ተከትለን ገባን። ጋዙ ተለኮሰ፣ ሽሮው ተንተከተከ። አያ እንድሪስ አንዴ ጎረሱ፣ ደገሙ፣ ከዚያ ቀና ብለው ሚስታቸውን ማየት ጀመሩ። ጎረቤት መኖሩንም የረሱ መሰለኝ።

«መርየም፣ ምድጃ ስር ሳታለቅሺ አይቼሽ አላውቅም። ለካ እንዲህ ቆንጆ ነሽ!»

«ሠላሳ ዓመት እዚሁ ነበርኩ። ይልቅ ብላ፣ ይቀዘቅዛል!» አሉ እትዬ መርየም፤ ፊታቸው ግን እንደ ሙሽራ በርቶ ነበር። በሩ ላይ የቆሙት የጎረቤት ሚስቶች እርስ በርስ ተያዩ። እኔ ፖስተሬን እንደታሰረ ይዤ ተመለስኩ።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮዬ በር ላይ ዘጠኝ ሴቶች ተሰልፈው ጠበቁኝ።

«ባሎቻችንን መዝግብልን!» አሉኝ።