ወተት አይደፋም

ሾዴ ወዳ ወተት ደፍታ አታውቅም። ከእንጦጦ ጀርባ፣ በአባቷ ቤት፣ ወተት የደፋች ሴት ላም አጠገብ አትደርስም ነበር። መሬት ወተት በነጻ አይጠጣም፣ አንድ ነፍስ ሳይወስድበት አይቀርም ይሉ ነበር ትልልቆቹ።

ይህን ማስቀደሜ ወድጄ አይደለም። የጉለሌ ሰው አፉ መቼ አርፎ! ኋላ ነገሩ ሲሰማ፣ ከስስቷ ነው ያላት ነበር። ስስት! ለእንግዳ የራሷን ድርሻ አቅርባ እሷ ጦሟን የምታድር ሴት ናት። ስስት ሳይሆን ፍርሃት ነው የያዛት፤ ፍርሃቷንም ከየት እንዳመጣችው እኔ እነግራችኋለሁ።

አንድ ልጅ ነበራት፣ ደበላ የሚባል፣ የጭነት ማኪና ረዳት። አንድ ጠዋት ሾዴ ላሟን አልባ ስትመለስ ደጃፉ ላይ አደናቀፋትና ጮጮው ከእጇ አመለጠ። ወተቱ ደጁን አልብሶት ወረደ። ደበላ ሊሄድ ሲል አይቶ፣ «ዛሬ ደግሞ መሬቱን ቁርስ አበላሽው እማዬ!» ብሎ ስቆ ወጣ። ያን ዕለት ማኪናው ዓባይ በረሃ ገደል ገባ። ከዚያ ወዲያ፣ ልጅሽን የገደለው ፍሬን ነው ብትሏት ትሰማችኋለች? አትሰማም። ልጇን የገደለችው እሷ ናት፣ በገዛ እጇ፣ ደጃፏ ላይ። ለማንም አልተናገረችውም፤ ሆዷ ውስጥ ቀበረችው።

ደበላ ሲሞት ሚስቱ ዓለምነሽ ድርስ እርጉዝ ነበረች። ወንድ ልጅ ወለደች። ሾዴ ቶለሳ አለችውና አፈር አይንካው ብላ ያዘችው። ዓይኑ የደበላ ነበር፤ ሲስቅ አንዱ ጉንጩ ብቻ የሚሰረጉደውም የደበላ ነበር። ሾዴ እሱን ስታይ፣ እግዜር የወሰደውን መልሶ ሰጠኝ ትል ነበር።

ምን ያደርጋል፣ የዓለምነሽ ጡት በሐዘን ነጠፈ። ላሟ ደግሞ ለተዝካሩ ተሸጣለች። ሰርቶ የሚያበላ ሰው ስለጠፋ ዓለምነሽ ከታች ብርድ ልብስ ፋብሪካ ገባች፤ ልጁ ለአያቱና ለዱቄት ወተት ቀረ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ጽጌረዳ ሾዴን አስቀምጣ አስተማረቻት። ጡጦው ከነጎማው ይቀቀላል፤ ውሃው ይፈላል፤ ዱቄቱ በማንኪያው ልክ ይገባል። ሾዴ ፊደል አትቁጠር እንጂ የተነገራትን የምታዛንፍ ሴት አልነበረችም። ጠዋት ጠዋት፣ ዓለምነሽ ወደ ሥራ እንደወጣች፣ እሳት አንድዳ ጡጦውን ትቀቅላለች። ከቦኖ የተቀዳውንም ውሃ አፍልታ ከድና ታቀዘቅዘዋለች። ጎረቤቷ ረሂማ እንኳ፣ «ኧረ ሾዴ፣ ጠርሙስ ቀቅለሽ ልትበዪ ነው እንዴ?» እያለች ትስቅባት ነበር።

አንድ ነገር ግን አልተነገራትም፤ የነገራትም ቢኖር እንጃ! ሕፃን ነው፤ ከጡጦው ግማሹን ጠጥቶ ግማሹን ይተወዋል። የተረፈውስ? ይደፋ ያላት የለም። ቢሏትስ እጇ እሺ ይላታል? ጡጦውን ከእንስራው ጥግ ትሸጉጠዋለች። ሲርበው ትኩስ ወተት በጥብጣ በላዩ ትጨምርበታለች። በማግስቱ ጠዋት ጡጦው ሲቀቀል የተረፈው ወተት በስኒ ተገልብጦ ይቆያታል፤ ጡጦው ሲበርድ ይመለስበታል። የቶለሳ ወተት ጠብታው መሬት ሳይነካ እንዲህ ከረመ።

ክረምቱ ገባ። ልጁን አስቀመጠው። ረሂማ፣ «ጥርስ ሊያወጣ ነው፣ የልጅ ወግ ነው» አለች። ተቅማጡ ሲብስ ዓይን በልቶት ነው ተባለና ጤና አዳም በጨርቅ ተቋጥሮ አንገቱ ላይ ታሰረ። ሾዴ እንጦጦ ማርያም ድረስ በእግሯ ወጥታ ተሳለች። እሱ ግን ማስመለስ ጀመረ። ሲታመም ጡጦውን እንደ ድሮው አይጠባም፤ ጥቂት ቀመስ አድርጎ ፊቱን ያዞራል። ባልጠባ ቁጥር ብዙ ይተርፋል። በተረፈ ቁጥር ሾዴ ታስቀምጣለች፣ ያንኑ መልሳ ትሰጠዋለች። «ጥባ እንጂ የኔ ጌታ፣ አፈር ልብላልህ፣ አንድ ጊዜ ጉርስ አድርጋት» እያለች። ልጁን ለማዳን በደከመች ቁጥር እንዲህ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነባት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጁ ሲያለቅስ እንባው አልወጣም። እርግብግቢቱ ጎድጉዷል። ሾዴ እጇን አናቱ ላይ አድርጋ አየችው።

«ረሂማ! ረሂማ! ድረሺልኝ፣ ልጄ ሊያመልጠኝ ነው!»

ረሂማ ዓለምነሽን ልትጠራ ወደ ፋብሪካው ቁልቁል ሮጠች። ሾዴ ልጁን አዘለችና፣ ምናልባት መንገድ ላይ ቢርበው ብላ ጡጦውን ጉያዋ ከታ ወጣች። ዝናቡ ይወርዳል። ጭቃው አንድ ጫማዋን ዋጠባት፤ ዞራም አላየችው። «ማርያም፣ ያንን ወሰድሽ፣ ይሄን ተይልኝ! እኔን ውሰጂ፣ እኔ አሮጊቷ ምን እሠራለሁ!» እያለች ጤና ጣቢያው ደረሰች።

ጽጌረዳ ልጁን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ። ግድግዳው ላይ ካለው የጃንሆይ ፎቶ ሥር ወዳለው አልጋ ነጥቃ ወሰደችው። ግሉኮስ ልትሰካለት እጁን ብታይ እግሩን ብታይ ደም ሥር አልገኝ አለ።

«እማማ፣ ጡጦውን ይቀቅሉታል?» አለች ቀና ሳትል።

«እቀቅላለሁ! ማርያምን እቀቅላለሁ!»

«ውሃውንስ?»

«አፈላለሁ፣ እንዳልሽኝ፣ አንድም ቀን አልረሳሁ።»

«ታዲያ ይሄ ልጅ ምን በልቶ ነው?»

ሾዴ ጡጦውን ከጉያዋ አወጣች። ጽጌረዳ በአንድ እጇ ተቀብላ አሸተተችው፤ ወዲያው ፊቷን አዞረች።

«መቼ የተበጠበጠ ነው?»

«ጠዋት ነው። የትናንትና ተርፎ ነበር፣ በሱ ላይ ጨምሬበት...»

«የተረፈውን አይደፉትም?»

«ወተቱን?»

«አዎ፣ ወተቱን!»

«ወተት ይደፋል እንዴ፣ ልጄ?»

ጽጌረዳ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ገለጠች። ሴትዮዋን ልትቆጣት ነበር፤ ፊቷን ስታይ ተወችው። «የተረፈ ወተት ሲያድር ዓይን የማያየው ትል ይፈላበታል፣ እማማ። አዲሱን ሲጨምሩበት አዲሱም ይመረዛል። ጡጦ ቢቀቀል ምን ዋጋ አለው? ይሄ መርዝ ነው። ይውጡና ይድፉት፣ አሁኑኑ፤ በስህተት ሌላ ሰው እንዳያነሳው።»

«አንቺ ድፊው፣ ልጄ። እኔ አልችልም።»

«እጄ ተይዟል እኮ! ይሂዱ በቃ!»

ሾዴ ወጣች። ከጤና ጣቢያው ጓሮ፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ ጡጦውን ይዛ ቆመች። ልጅቷ ያለችው እውነት ከሆነ፣ ያን ሁሉ ጊዜ «ጥባ የኔ ጌታ» እያለች ስታጠባው የነበረው ሞት ነው። አባቶቿ ያሉት እውነት ከሆነ ደግሞ አሁን ስትደፋው ቶለሳን ትገድለዋለች፣ አባቱን እንደገደለችው። የቱን ትመን? ወዴት ትሂድ? ይዤው ልጥፋ ብላ አሰበች። ልጠጣው ብላም አሰበች፤ እውነቷን ነው፣ ጎማውን ነቅላ ወደ አፏ አስጠጋችው።

ያን ጊዜ ጠረኑ ገባት። በላም ቤት ያደገች ሴት ናት፤ የተበላሸ ወተት ጠረን ከማንም በላይ ታውቃለች። ስንት ጊዜ ሸትቷት ነበር! የፈረንጅ ወተት ጠባዩ ነው፣ የጣሳው ነው፣ እያለች አልፋዋለች።

ጡጦውን ዘቀዘቀችው። አልወርድ አለ። አንገቱ ላይ የረጋው እንደ አይብ ተወትፏል። ነቀነቀችው፤ ዷ ብሎ ወርዶ ጭቃው ላይ ነጭ ሆኖ ቆየ። ዝናቡ ቀስ እያለ አጠበው። ሾዴ፣ «በኔ ይሁን፣ በኔ ይሁን፣ ልጁን አይንካው» እያለች መሬቱን ለመነችው።

ስትመለስ ጽጌረዳ መርፌውን አስቀምጣለች። የልጁን ዓይን በጣቷ ትከድን ነበር። ቀና ብላ ሾዴን አየቻት።

ሾዴ ባዶውን ጡጦ እንደያዘች በሩ አጠገብ ቀረች። ደፋሁት፣ ወሰደው፤ ሳልደፋው ገደልኩት፣ ስደፋው ገደልኩት። ሁለቱንም በልቧ አመነች።

በሩ ተበርግዶ ዓለምነሽ ገባች። ጥጡ ጸጉሯ ላይ እንዳለ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። ሾዴ በሩ አጠገብ ስለነበረች መጀመሪያ ያየችው እሷን ነው፤ በእጇ የያዘችውን ባዶ ጡጦም።

«ጨረሰው?» አለች፣ ፊቷ በራ። «እማማ፣ ጨረሰው? ጠጣልዎት? እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!»

ከዚያ አልጋውን አየች። ጩኸቷ ከቦኖ ውሃ ሊቀዱ የተሰለፉትን ሁሉ ጠራቸው። ወለሉ ላይ ወድቃ ፊቷን ነጨች፤ ሰው ገብቶ እጇን ያዛት። እያለቀሰች በጉልበቷ ተጉዛ የሾዴን ቀሚስ ጨመደደች።

«ጠጥቶ ነው አይደል የሄደው? እማማ፣ ተርቦ አልሄደም ይበሉኝ! እኔ እናቱ ሳላጠባው... ጠግቦ ነው ይበሉኝ፣ በደበላ አጥንት!»

ጽጌረዳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ጠግቦ ነው፣ ልጄ» አለች ሾዴ። «ጠብታ አላስተረፈም።»

ጡጦውን ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ ዓለምነሽን ከመሬት አነሳቻት።