ያልተፈረመው የኪራይ ውል

የሂልደን የልጅ ድጎማ ያስቆረጠችው የገዛ እህቷ ማይከ ናት። ባለማወቅ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይህን ያህል ባልከበደ ነበር። ሚያዝያ ላይ አውቃለች፤ አውቃም አምስት ወር ሙሉ ዝም ብላለች።

ማይከ ወደ ሂልደ ቤት የመጣችው በየካቲት ነበር። ከፍቅረኛዋ ተጣልታ፣ ሁለት ሻንጣ እየጎተተች፣ ሃርሊንገን በተባለችው ከተማ ወደብ አጠገብ ያለውን ጠባብ ቤት አንኳኳች። ሂልደ ስድስት ዓመት የሆናትን ፌናን የምታሳድገው ለብቻዋ ነው። በሳምንት ሃያ ሰዓት በየቤቱ እየዞረች አቅመ ደካማ አረጋውያንን ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ መድኃኒታቸውን ትሰጣለች። ደመወዟ ወር አያደርሳትም፤ የሚጎድለውን የሚሞላው መንግሥት የሚያስገባላት የልጅ ድጎማ ነው።

ማይከ የዚያን ቀን ስለ ኪራይ ጠይቃ ነበር። የጠየቀችው ግን አንዴ ብቻ ነው፤ ያውም አጎንብሳ ጫማዋን እያወለቀች።

«ስንት ታስከፍይኛለሽ?»

«ሂጂ ወዲያ» አለች ሂልደ። «እኛን የፍሪስላንድ ሰዎች ቋጣሪ የሚሉን አንሶ፣ ደግሞ ለእህቷ አከራየች ልባል? አይቡን ብቻ አትጨርሺብኝ።»

ተሳሳቁ፤ ወሬው በዚያው ቀረ። በሳምንቱ ማይከ ማዘጋጃ ቤት ሄዳ በሂልደ አድራሻ ተመዘገበች።

ሥራዋ ከወደቡ ማዶ ወዳሉት ደሴቶች በሚመላለሰው መርከብ ላይ ነው፤ ለተሳፋሪዎች ሾርባና ዳቦ ትሸጣለች። ሚያዝያ ላይ አንድ ቀን ምግብ አብሳዩ ቦውወ ሽንኩርት እየከተፈ ቀና ሳይል ጠየቃት።

«አንቺ ልጅ፣ እህትሽ ጋ ነው አይደል የምትኖሪው? ትንሽ ልጅ አለቻት ብለሽኛል። ኪራይ ትከፍያታለሽ?»

«አትቀበለኝም።»

«እንግዲያው እንኳን ደስ አላችሁ። መንግሥት አጋብቷችኋል።»

«ምን ማለት ነው?»

«የወንድሜን ልጅም እንዲሁ ከእህቱ ጋር አጋብተውት ነበር። እኔን ለሠርጉ እንኳ አልጠሩኝም።» በቢላው ጫፍ ወደ ስልኳ አመለከታት። «አንብቢያ። ተምሬያለሁ ትዪ የለ?»

አነበበች። ነገሩ ግልጽ ነበር። አንድ ቤት ውስጥ ሕፃን ካለና ሁለት አዋቂዎች በዚያው አድራሻ ከተመዘገቡ፣ እህትማማች ቢሆኑም ለድጎማው እንደ ባለትዳር ይታያሉ። የሁለቱም ገቢ ይደመራል፤ ልጇን ለብቻዋ ለምታሳድግ እናት የሚሰጠው ጭማሪም ይቀራል። ከዚህ ማምለጫው የኪራይ ውል ነው፤ ተጽፎ የተፈረመ፣ በየወሩም በባንክ የሚከፈልበት።

እሷ እንደምትተኛባት ያለች ክፍል በትንሹ ሦስት መቶ ሃምሳ ዩሮ ታወጣለች። ማይከ ደግሞ የመርከብ መኮንንነት ለመማር እያጠራቀመች ነበር። በወር ሦስት መቶ ሃምሳ ከተቀነሰባት ትምህርቱ አንድ ዓመት ይገፋል። ስልኩን ሽርጧ ኪስ ከተተችና ማታ እነግራታለሁ አለች። ማታ ሂልደ የአተር ሾርባ ሠርታ፣ ፌናን አስተኝታ ጠበቀቻት። ነገ እነግራታለሁ አለች። ከዚያ ወዲያ ለራሷም ቀን መቅጠሯን ተወችው።

ግንቦት ላይ አለቃዋ ደሴቱ ላይ ካለው የሠራተኞች ማደሪያ አልጋ ሰጣት። ክፍሉን ከሁለት ሴቶች ጋር መጋራት አለባት፤ አልፈልግም አለች። ሰኔ ሲገባ መርከቡ በጎብኚ ተጨናነቀ። እሑድ እሑድ ስትሠራ ክፍያዋ ከፍ ይል ስለነበር ደመወዟ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። እያንዳንዷ እሑድ የእሷን ቁጠባ ስታወፍር የሂልደን ድጎማ ትሸረሽራለች። ማይከ ይህንንም ታውቅ ነበር። እሑድ እንድትሠራ በተጠየቀች ቁጥር ግን እሺ አለች።

መስከረም ላይ የግብር መሥሪያ ቤቱ ሰማያዊ ፖስታ መጣ። ሂልደ ወጥ ቤት ቆማ አነበበችው፤ ተቀምጣ ደግማ አነበበችው። ድጎማው ከሞላ ጎደል ቆሟል። ከመጋቢት ጀምሮ የተከፈላትንም አብዛኛውን መመለስ አለባት። ምክንያቱ በአንድ መስመር ሰፍሯል፦ የቤተሰቡ ገቢ ተለውጧል።

«እኔ ነኝ» አለች ሂልደ።

ማይከ ዳቦዋን ወደ አፏ ልታደርስ ስትል እጇ አየር ላይ ቀረ። «አንቺ ምን አደረግሽ?»

«ግንቦት ላይ ባልደረባዬ ስትታመም የእሷን የሥራ ሰዓት ሠርቼ ነበራ። ስድስት ሳምንት። ትንሽ ነው፣ ምንም አያመጣም አልኩ። ስግብግብነት ነው።»

ማይከ ዳቦውን ጎረሰች። አላምጣ እስክትውጥ የተናገረችው ነገር አልነበረም፤ ከዋጠችም በኋላ አልተናገረችም።

እንዲህ እንዳለ ዐሥር ቀን ሆነ። በዐሥሩ ቀን ውስጥ ሂልደ ብርዱ ሳይገባ ልትገዛው ያሰበችውን ካፖርት ተወች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ለማይከ ብላ የምትገዛውን በጭስ የደረቀ ዓሣም ተወች። በዐሥረኛው ቀን ደግሞ ስልክ አንስታ ፌና ዋና ወደምትማርበት ገንዳ ደወለች። ፌና አንድ ዓመት ተኩል ስትለማመድ ቆይታ ለፈተና ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። በፈተናው ከነልብሷና ከነጫማዋ ውኃ ውስጥ ገብታ መዋኘት አለባት። የምትገባበትን ጫማ ከመረጠች ቆይታለች።

«አዎ፣ ጆሮዋን አሟታል» አለች ሂልደ በስልኩ። «ለጊዜው እናቋርጥ ብዬ ነው። አይ፣ እስከ መቼ እንደሆነ አላውቅም።»

«ጆሮዬን አላመመኝም» አለች ፌና ጠረጴዛ ሥር ሆና።

«ዝም በይ፣ የኔ እናት።» ሂልደ ስልኩን ዘጋችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አንገቷ ቀልቶ ነበር። ማይከ እህቷ ስትዋሽ ስትሰማ በዕድሜዋ የመጀመሪያዋ ነው።

«ፌና፣ እስቲ ላይ ቤት ሄደሽ ተጫወቺ» አለች ማይከ። ልጅቷ ደረጃውን እስክትወጣ ጠበቀች። «ሂልደ፣ ያንቺ ስድስት ሳምንት አይደለም። የኔ ደመወዝ ነው። እዚህ በመመዝገቤ ያንቺንና የኔን ደምረውታል።»

ሂልደ ዞረች። «ማን ነገረሽ?»

«አንብቤ ነው።»

«መቼ?»

ዛሬ ማለት ይቻል ነበር። ዛሬ የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። «ሚያዝያ ላይ።»

ሂልደ በጣቷ ጠረጴዛው ላይ መቁጠር ጀመረች፤ ግንቦት፣ ሰኔ፣ ሐምሌ። ነሐሴ ላይ ስትደርስ ተወችው። «ታዲያ መፍትሔ የለውም ነበር?»

«ነበረው። የኪራይ ውል። ብከፍልሽ ኖሮ ለየብቻ ይቆጥሩን ነበር።»

«እና?»

«መክፈል አልፈለግኩም። ለትምህርቱ እያጠራቀምኩ ነበር።» ማልቀስ ሞከራት፤ ማልቀሱ ደግሞ ሌላ ማጭበርበር መሰላትና ዋጠችው። «ስሚ፣ አሁንም እንችላለን። የየካቲት ቀን ጽፈን እንፈርም።»

«የከፈልሽኝ በባንክ የታለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው ምኑን ነው የምፈርመው? አሁን ስለ ጆሮዋ ዋሽቼ እንኳ ላብ አጠመቀኝ።» ሂልደ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ዐሥር ቀን ሙሉ ራሴን ስግብግብ እያልኩ ስሰድብ ፊቴ ተቀምጠሽ ትበይ ነበር።»

«አዎ።»

«ጨው አቀብይኝ እንኳ ብለሽኛል።»

ማይከ ጨው አቀብይኝ ማለቷን ታስታውሳለች።

«ደሴቱ ላይ አልጋ አለ» አለች በመጨረሻ። «ግንቦት ላይ ሰጥተውኝ እምቢ ብያለሁ። አሁን ብጠይቅ ይሰጡኛል።»

«ግንቦት ላይ» አለች ሂልደ።

«ያጠራቀምኩትን በሙሉ ዛሬ አስገባልሻለሁ።»

«አስገቢ። አመሰግናለሁ እንድልሽ ግን አትጠብቂ።» ተነሥታ ቧንቧውን ከፈተችና የታጠበውን ሳህን እንደገና ማጠብ ያዘች። «ማዘጋጃ ቤት ያስመዘገብሽውን ስምሽንም ዛሬ አዛውሪ። ነገ አይደለም። ነገ ስትዪ አምስት ወር ሄዷል።»

ዕቃዋን ለመሸከፍ ሩብ ሰዓት አልፈጀባትም። የገባችው በሁለት ሻንጣ ነበር፤ የወጣችው በሦስት ነው። ሦስተኛውን ይዛ ስትወርድ ፌና ደረጃው ላይ ተቀምጣ መንገዱን ዘግታለች።

«አክስቴ፣ ሥራ ልትሄጂ ነው?»

«አዎ፣ ሥራ ነው።»

«አትዋሺያት» አለች ሂልደ ከወጥ ቤት። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

ማይከ ሻንጣውን አስቀመጠች። ፌና ሁለት ጥርስ በጎደለው አፏ እያኘከች ትጠብቃታለች፤ አፏ ዙሪያ ቸኮሌት አለ።

«ሥራ አይደለም» አለች ማይከ። «ከእንግዲህ እዚህ አልኖርም። ያጠፋሁት ነገር አለ።»

«ትልቅ ነው?»

«ትልቅ ነው።»

ፌና ጉልበቷን ሰብስባ አሳለፈቻት። ማይከ ቁልፉን መስቀያው ላይ ሰቀለች። ወጥ ቤት ውኃው አሁንም እየፈሰሰ ነው፤ ሂልደ አልወጣችም። ሻንጣዎቹን አንድ በአንድ ወደ ውጭ አወጣችና በሩን ዘጋችው።