የሚያነሳው ሰው

ቦንጋ ውስጥ በየቢሮው ግድግዳ የሚሰቀሉትን የመልክዓ ምድር ፎቶዎች አልወዳቸውም። ሁሉም ፀሐይ ናቸው። ጉም የሌለበት ካፋ የት እንደሚገኝ በየስብሰባው ጠይቄአለሁ። ባለፈው ነሐሴ ለአንድ ኤግዚቢሽን ፎቶ እንዳነሳ ሲያዙኝ፣ ሥራውን የምትከታተለው ሰብሌ «ጋሽ ኃይለመስቀል፣ የሐይቁን ደሴት ብሩህ ያድርጉልን እንጂ፤ ቱሪስት ጉም አይወድም» አለችኝ።

«ጉም የማይወድ ቱሪስት አፋር ይሂድ!»

ሳቀች። እኔ አልቀለድኩም ነበር።

ደሴቱ ከደካ ከተማ ወዲያ፣ ተራራ ሥር በተኛ ሐይቅ መካከል ነው። ሰው አይኖርበትም፤ ዛፎቹ ላይ ግን የንብ ቀፎዎች ተሰቅለዋል። ብርሃኑ ሲለዋወጥ ከንጋት ጀምሮ ለመከታተል ስለፈለግሁ፣ ለቀበሌው ሊቀመንበር ለኢሳያስ ቀድሜ ደወልኩ። መስመሩ ይቆራረጣል። «ነገ በጧት መጥቼ ሐይቁ ላይ ያለውን ሁሉ አነሳለሁ» አልኩት።

«በእውነት ያነሳሉ?»

ጥያቄው አናደደኝ። «ሥራዬ ምን ሆነና! ስንቱን አንስቻለሁ!» ብዬ ዘጋሁት።

ስደርስ የመንደሩ ሰው ዳርቻው ላይ ተቀምጧል። ወንዶቹ ገመድና ረጃጅም እንጨት ይዘዋል። ሕፃን እንኳ አያለቅስም። እንግዳ መጣ ተብሎ ሕዝብ ከሥራ ሲፈታ ደሜ ይፈላል።

«ኢሳያስ፣ እኔ ባለሥልጣን ነኝ? ይህን ሁሉ ሰው ለምን ሰበሰብክ?»

«እኔ አልሰበሰብኩም። የሚያነሳ ሰው ይመጣል አልኩ፤ ራሳቸው መጡ።» ወደ መኪናዬ አሻግሮ አየ። «ዋናተኞቹስ?»

«የምን ዋናተኞች?»

«ሬሳውን የሚያነሱት ነዋ።»

ያኔ ገባኝ። ለእኔ ማንሳት ካሜራ ነው፤ ለእነሱ ገብረጊዮርጊስ ነበር። ሰውየው በሐምሌ መግቢያ ቀፎ ሊያይ ወደ ደሴቱ ተሻገረ፤ ጉም ወረደ፤ ታንኳዋ ብቻዋን ተመለሰች። ዋናተኛ ላኩልን ብለው ያልጮኹበት ቢሮ የለም። ደሴቱን ዛፍ በዛፍ ፈትሸዋል። ታላቅ ወንድሙ ሰለሞን ደግሞ ሬሳ ሳይታይ ማንም እንዳያለቅስ ከልክሏል፤ በሕይወት ላለ ሰው ማልቀስ መግደል ነው ብሎ። የገብረጊዮርጊስ ሚስት እትዬ በዛወርቅ እንባዋን እንደያዘች ክረምቱ ሊያልቅ ነው።

ካሜራዬን ከቦርሳው ሳወጣ ሰለሞን ሳቀ። «ይኼ ነው የሚያነሳው? ወንድሜ ሚዛን ከተማ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል፣ እናንተ እዚህ ሠርግ ደግሱ!»

እትዬ በዛወርቅ ወደ እኔ መጣች። «ካሜራው ውሃ ውስጥ ያያል?»

«አያይም እትዬ።»

«ጉም ውስጥስ?»

«ከእኔ ዓይን ይሻላል።»

«እንግዲያው ያንሱ።»

ይቅርታ ጠይቄ መመለስ ነበረብኝ የሚል ካለ፣ እሱ እዚያ አልቆመም። ካሜራውን መቆሚያው ላይ አሰርኩ። ሐይቁና ሰማዩ አንድ ግራጫ ሆነው ነበር፤ ደሴቱ የለም። ቆይቶ የተራራው ትከሻ ቀላ፤ ከጀርባው የሾለከ ብርሃን ውሃውን ቢጫ አድርጎ መጣና ዛፎቹን አንድ በአንድ አወጣቸው። አነሳሁ። ዝናብ ከደካ በኩል ደረሰ፤ ዛፎቹ ጠቆሩ። አነሳሁ። ጉሙ ተመልሶ ከሥር ከሥር ይበላቸው ጀመር። አነሳሁ። ከኋላዬ የቆመው ሕዝብ ትንፋሽ አንገቴ ላይ ይሰማኝ ነበር።

ደሴቱ ሲሰወር እትዬ በዛወርቅ «ያሳዩኝ» አለች። ፎቶዎቹን በካሜራው መስታወት ላይ አሳለፍኩላት። አንዱ ጋ ጣቷ ቆመ። በሁለት ግንዶች መካከል፣ ከቀፎ ሥር፣ ቀጥ ያለ ነጣ ያለ ነገር አለ።

«ጋቢው ነው።»

ሰለሞን ገፍትሮን አየ። «ጉቶ ነው።»

«ጉቶ ይራመዳል?» አለችው። እውነቷን ነው፤ ከዚያ በፊት ባለው ፎቶ የለም፣ ከኋላውም የለም።

«ጉም ነዋ እንግዲህ! አንተ የተማርክ ነህ፤ ንገራት!»

የምናገረው ነበረኝ። ጉም ሲንቀሳቀስ ሌንስ ይታለላል፤ የዝናብ ጠብታ ቅርጽ ይሠራል። ከዚህ ባነሰ ጉዳይ አዳራሽ ሙሉ ሰው ተከራክሬ ረትቻለሁ። አፌን ከፈትኩና፣ ለማስረጃ እንዲሆነኝ ምስሉን አጎላሁት። ጉሙ ቀፎውን በሁለት እጁ ይዞ ነበር።



ሰለሞን ፊቴን አየ። «አለ!» ብሎ ጮኸ። «አላልኳችሁም? በሕይወት አለ!» ታንኳዋን ገፍቶ ዘለለባት። ኢሳያስ ጉሙ ይለፍ ቢለው አልሰማም። ግራጫው ዋጠው።

ድምፁ ግን ይመጣ ነበር። «ገብረጊዮርጊስ! አንተ ገብረጊዮርጊስ!» መቅዘፊያው ውሃውን ሲመታ፣ ከዚያ ታንኳዋ ከዳርቻ ስትላተም ሰማን። ስሙን እንደገና ጠራ፤ አሁን በዝግታ፣ አጠገቡ ያለን ሰው እንደሚጠሩት። ከዚያ ማውራት ጀመረ። ቃሉ አይለይም። በካፋ ሰው ቋንቋ በካፊኖኖ ነው፣ ይጠይቃል፣ ዝም ይላል፣ ይጠይቃል። ማንም ሲመልስለት አልሰማሁም። ከጎኔ ያሉት ሴቶች ግን ዝም ባለ ቁጥር ጆሯቸውን ወደ ውሃው ያዘነብሉ ነበር።

በመጨረሻ ጉሙ ታንኳዋን መለሳት። ሰለሞን እስከ ደረቱ ረጥቧል።

«ምን አየህ?» አልኩት። «ከማን ጋር ነበር የምታወራው? ተናገር እንጂ!» ስጮህበት እንኳ ቀና ብሎ አላየኝም፤ ካሜራዬን ግን በሩቁ ዞረው። እትዬ በዛወርቅ ፊት ሄዶ ቆመ።

«አልቅሺ» አላት።

ነጠላዋን አውልቃ ገለበጠች፤ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ ለበሰችው። ከዚያ ክረምቱን ሙሉ የያዘችው ወጣ። ዳርቻው በሙሉ ተቀበላት።

ወንዶቹ ቀርከሃ ቆርጠው ቃሬዛ ሠሩ፤ ምንም ሳያስቀምጡበት በጋቢ ሸፈኑት። ሰለሞን ከፊት ሆኖ አራት ሰዎች ተሸከሙት። ቤተ ክርስቲያኑ ከዳገቱ ራስ ላይ ነው። ባዶ ቀርከሃ ሊከብድ አይገባም። ግማሽ መንገድ ሳይደርሱ ግን አራቱም ትከሻ ቀየሩ፤ ትንሽ ሄደው እንደገና ቀየሩ፤ ከዚያ ኢሳያስ ዞሮ «ጋሽ ኃይለመስቀል፣ ይያዙልን» አለኝ።

ያዝኩላቸው። ከባድ ነበር።