የሴልቫን ማተብ

ተከራዬ ሴልቫን ከስሪላንካ መጥቶ መቱ ከተማ የሚያስተምር የታሚል ብሔረሰብ ሰው ነው። ክርስቲያን ሆኖ ባዶ አንገት? ደሜ ፈላ። ከገበያ ጥቁር ማተብ ገዝቼ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩለት።

ክሩን ጨብጦ ቀረ፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

«እትዬ ፈትለወርቅ፣ የታሚሎችን ነፃ አገር ለማቆም ከመንግሥት ጋር ስንዋጋ የሁላችንም አንገት ላይ እንዲህ ያለ ክር ነበር። የተንጠለጠለበት የመርዝ ብልቃጥ ነው፤ ከመማረክ እንድንነክሰው። ሰሜኑን ይዘን፣ የራሳችን ፍርድ ቤት ሳይቀር ነበረን። በመጨረሻ አንዲት የባሕር ዳርቻ ላይ ተከበብን፤ መሪያችንም ተገደለ። እህቴ አጠገቤ ነከሰችው።»

«አንተስ?»

«በጠስኩት።»

ማተቡን የበጠሰ ሰው አይታመንም ስል ነው የኖርኩት። ቋጠሮው አልፈታ አለኝ። አንገቱ ላይ ተደፍቼ በጥርሴ በጠስኩለት።