ጀርባ ለጀርባ

በዚያ ክረምት በሊባኖሷ ዛህሌ ከተማ የመንግሥት መብራት በቀን አንድ ሰዓት ይመጣ ነበር፤ ጭራሽ የማይመጣበትም ቀን ነበር። ባንክ ያለ ገንዘብ አይወጣም። የጡረታ ደመወዝ ሁለት ጣሳ የዱቄት ወተት አይገዛም። ለምድጃ የሚሆን ናፍጣ ሲጠፋ ሰው የወይን ግንዱን እየነቀለ አነደደ። በጥር ወር ሁለት ሽማግሌዎች ቤታቸው ውስጥ በብርድ ሞቱ።

በተዘጋው ማተሚያ ቤት ግን ዘጠኝ ሰዎች ይሠሩ ነበር። ሥራቸው ፖከር የሚባለውን የካርታ ቁማር በኢንተርኔት መጫወት ነው። የሰበሰባቸው ሚልሔም ነው፤ የሂሳብ መምህር የነበረ። ይህን ሥራ ብቻውን የሚሠራ ሰው ሲሸነፍ እንደሚያብድ አይቷል፤ ስለዚህ አሰባሰባቸው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እያንዳንዱ የሳምንቱን መጥፎ ጨዋታውን በሁሉም ፊት ያቀርባል። ያሸነፈውን ማውራት አይፈቀድም። አንዱ የሌላውን ካርታ እንዳያይ ጀርባ ለጀርባ ይቀመጣሉ። ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ከተገናኙ እንደማይተዋወቁ ሆነው ይጫወታሉ። አጫዋቹ ድርጅት ከአንድ ቤት እንደሚጫወቱ ያውቃል፤ ፈቅዷል፤ ይከታተላልም። አንዱ ለሌላው አዝኖ ሲለቅለት ከተያዘ ዘጠኙም ይታገዳሉ።

በየካቲት ወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በአንድ ትልቅ ውድድር ከሁለት ሺህ ተወዳዳሪ ስድስት ቀሩ። ከስድስቱ ሁለቱ ሚልሔምና ገንጡስ ነበሩ።

ገንጡስ የቤይሩት መስመር ሾፌር ነበር። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ያሉት ባትሪዎችና የኢንተርኔት መስመሩ የተገዙት፣ ከሦስት ዓመት በፊት ቫኑን ሸጦ ባበደረው ሁለት ሺህ አራት መቶ ዶላር ነው። ሚልሔም “በስድስት ወር እመልሳለሁ” ብሎ ነበር። አልመለሰም። አሁን ደግሞ የገንጡስ ልጅ የትምህርት ክፍያዋን በወሩ መጨረሻ በዶላር ካልከፈለች ከዩኒቨርሲቲ ትወጣለች። ስድስተኛ የወጣ ስምንት መቶ ዶላር ነው የሚያገኘው። ከዚያ በላይ አንድ ደረጃ በወጣ ቁጥር ገንዘቡ ይጨምራል።

የቀሩት ሰባቱ ጨዋታቸውን አቁመው ከሁለቱ ኋላ ቆሙ።

“ገንጡስ፣ መሪ ስትይዝም እንዲህ ያልብህ ነበር?” አለ አንዱ።

“ዝም በል። ያኔ ፍሬን ነበረኝ።”

ለሚልሔም ሁለት ንጉሥ፣ ከብርቱዎቹ ካርታዎች አንዱ፣ መጣለት። ገንዘቡን ከፍ አድርጎ ገባ። ከሰባቱ አንዷ፣ በትከሻው በኩል ታይ የነበረችው ሩላ፣ ቃል ከአፏ አመለጣት።

“እመብርሃን!”

ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። የገንጡስ ወንበር የሚልሔምን ወንበር ሊነካ ምንም አልቀረውም። ሰምቷል።

አራቱ የሩቅ ሰዎች ካርታቸውን ጣሉ። ተራው የገንጡስ ሆነ። ሃያ ሰከንድ አለው።

ሚልሔም ዞር አላለም። ገንጡስ ቢጥል ድርጅቱ አያውቅም። ካርታው ክፉ ሆኖ ይሁን ሰምቶ ይሁን፣ እዚህ የቆመም ሰው አያውቅም። ከዚያ ወዲያ ግን በዚህ ቤት የሚጣል ካርታ ሁሉ ይጠረጠራል። በእሁዱ ስብሰባ ማን ማንን ያምናል?

አስራ ሁለት ሰከንድ። ሰባት። አራት።

ከኋላው ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማ። ገንጡስ ያለውን ሁሉ አስገብቷል።

አሁን ሰዓቱ በሚልሔም ላይ መቁጠር ጀመረ። የልጅቷ የትምህርት ክፍያ ታየው። ቫኑ ታየው። ካርታውን ቢጥል ገንጡስ ይተርፋል። ግን ሁለት ንጉሥ ማን ይጥላል? የድርጅቱ ተቆጣጣሪ ዓይኑን ጨፍኖ ያገኘዋል። “ገባሁ” የሚለውን ቁልፍ ተጫነ።

ገንጡስ የያዘው ሁለት አስር ነበር። የጋራዎቹ አምስት ካርታዎች አንድ በአንድ ተገለጡ። አስር የለባቸውም፤ ገንጡስ በስምንት መቶ ዶላር ወጣ።

ሩላ ማልቀስ ጀመረች። “መምህር፣ እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ። አባርሩኝ።”

“ቁጭ በይ” አላት ሚልሔም። ከዚያ ሳይዞር፣ “ሰምተሃል?” አለ።

“ደንቆሮ መሰልኩህ እንዴ?”

“ታዲያ ለምን ገባህ?”

“ባልሰማ እገባ ነበራ።” ገንጡስ ተነሥቶ ኮቱን ለበሰ። “በል ተጫወት እንጂ፣ ሰዓት እየሄደብህ ነው።”

ሚልሔም ሦስተኛ ወጣ። ገንዘቡ በሽቱራ ከተማ ባለ ዶላር መንዛሪ በኩል እጁ የገባው በአስራ አንደኛው ቀን ነው። ቀጥታ ገንጡስ ቤት ሄደ። ገንጡስ የጎረቤት መኪና ሥር ተኝቶ ዘይት ያወርድ ነበር።

“ምንድነው እሱ?” አለ ፖስታውን አይቶ።

“የቫኑ ነው።”

“የቅዳሜው ካሳ ከሆነ ፊትህ ላይ ነው የምወረውረው።”

“ለቅዳሜው ሰባራ ሳንቲም አልሰጥህም። ንጉሥ ይዤ ምን አባቴ ላድርግ?”

ገንጡስ ሳቀ። “ወለዱስ?”

“ወለድ የለውም።”

“መምህር አይደለህ፣ መቼም ትሰስታለህ።” ተነሥቶ እጁን በሱሪው ጠረገና ቆጠረ። ሁለት ሺህ አራት መቶ። አንዷ ኖት ጫፏ ተቀዷል፤ “ይህችን ዩኒቨርሲቲው አይቀበላትም” ብሎ መለሰለት።

ሚልሔም ከኪሱ ደህናዋን አውጥቶ ቀየረለት።