አንዲት ዶሮ የምትችለውን ያህል

"አትክፈተው ብዬሃለሁ። በከፈትከው ቁጥር ያለችውን ሙቀት ትበትናታለህ" አለች ሚስቱ፣ የጫጩት መፈልፈያ ማሽኑ ላይ ብርድ ልብስ እየደረበች።

ባልየው እጁን ከክዳኑ ላይ አነሳ። መብራቱ የሄደው ጠዋት ነው፤ አሁን ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። "አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል" ሲል እንደ ሞኝ ግማሽ ቀን ፈጀ። ለካ ትራንስፎርመሩ ተቃጥሏል። የመብራት ሠራተኞቹን ሄዶ ቢለምን "ከነገ ወዲያ እናየዋለን" አሉት፤ ስለ እንቁላሎቹ ሲነግራቸው ጭራሽ ተሳሳቁበት። ጄኔሬተር ያለው ሥጋ ሻጭ ደግሞ ለራሱ ፍሪጅ እንኳ እንደማይበቃው ምሎ ተገዘተ።

እንቁላሎቹ ሊፈለፈሉ ጥቂት ቀን ነው የቀራቸው። ፈንግል ገብቶ ዶሮዎቻቸውን ጠራርጎ ሲፈጃቸው የተረፈው ቀድሞ ማሽን ውስጥ የገባው እንቁላልና ኩሽና ጥግ ለብቻዋ ትኖር የነበረች አንዲት ዶሮ ነው። ሚስቱም ቁርጧን ተናግራለች፤ ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ ትቀራለች፣ ካልሆነ ሰው አገር ሄዳ ሰው ቤት ትሠራለች። ደላላው ፓስፖርቷን ይዞ ዛሬ አመሻሽ ላይ መልስ ሊቀበል ይመጣል። ልጃቸው ገና አፏን በቅጡ አልፈታችም። ባልየው እንዲህ ፈርቶ አያውቅም።

አላስችል ብሎት ብርድ ልብሱን ገለጠና ክዳኑን ከፈተው። ውስጥ የቀሩት በእርሳስ የተጫረባቸው እንቁላሎች ብቻ ናቸው። እነዚያ የጎረቤታቸው የእማማ ናቸው፤ እንዳይቀላቀሉ ብሎ ምልክት ያደረገባቸው ራሱ ነው።

"የኛዎቹስ?"

"ዶሮዋ ሥር ናቸው።"

ዶሮዋ ሰሞኑን ካልታቀፍኩ ብላ ቤቱን ስታምስ፣ ዝም እንድትል ብለው ሁለት የማይፈለፈሉ እንቁላሎች ሰጥተዋት ነበር። እነሱን ይዛ እንደ ባለሥልጣን ተኮፍሳ ከረመች። ዛሬ ግን የቤቱ ተስፋ እሷ ሆነች። ችግሩ፣ ክንፏ ከደርዘን በላይ አይሸፍንም።

"ከኛም ከእማማም ግማሽ በግማሽ እናድርጋቸው" አለ።

"ግማሽ ጫጩት እኔን እዚህ አያስቀረኝም" አለችና ፊቷን አዞረች።

በዚህ መሀል በሩ ተንኳኳ። ሁለቱም ደላላው መስሏቸው ደነገጡ፤ እማማ ናቸው። ባልና ልጅ ቀብረው ብቻቸውን የቀሩ፣ ከዶሮ በስተቀር የሚያነጋግሩት የሌላቸው አሮጊት።

"ልጄ፣ እንቁላሎቼ እንዴት ዋሉ?"

"ደ... ደህና ናቸው፣ እማማ።"

"አንተ እያለህ ምን አሳስቦኝ። መብራቱ ሲጠፋ ትንሽ ደንገጥ ብዬ ነበር።" በብብታቸው የያዙትን ብርድ ልብስ ዘረጉለት። "እንካ፣ ደርብላቸው። እኔ ዛሬ ብዙም አይበርደኝም።"

ተቀበላቸው። እጃቸውን ስሞ ሸኛቸውና በሩን ዘግቶ እንደቆመ ቀረ። በራሱ አፈረ። ከዚያ በቁሙ ያለቀ ሰው እየመሰለ ወደ ኩሽና ገባ።

ዶሮዋ እጁን ወግታ አደማችው። እሱ ግን የራሱን እንቁላሎች አንድ በአንድ እያወጣ በጨርቅ ላይ ደረደረ፣ በቦታቸው የተጫረባቸውን አስገባ። ቀና ሲል ሚስቱ በሩ ላይ ቆማለች።

"ምን እያደረግክ ነው?"

"የሰው አደራ ነው።"

"እኔስ? እኔ የማን አደራ ነኝ?"

እንባው መጣበት፤ ሊደብቀውም አልሞከረም። ሚስቱ ጎንበስ አለችና ጨርቁ ላይ የተደረደሩትን እንቁላሎች በቀሚሷ ሰብስባ ወደ መኝታ ቤት ሄደች። ፍራሹ ላይ በጀርባዋ ተጋደመች፣ ቁልፎቿን ፈታች፣ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ደረቷ ላይ አስቀመጠች። ብርዳቸው ሲነካት ዘገነናት።

"ሻሼን አምጣና እሰርልኝ። ጠበቅ አታድርገው፣ ይሰበራሉ።"

አሰረላት።

"ስንት ቀን እንዲህ ትችያለሽ?"

"ዶሮዋ ስንት ቀን ትችላለች?"

አንዱን እንቁላል ከሻሹ ሥር አውጥቶ ጆሮው ላይ አደረገው። ምንም ድምፅ የለም። ሌላውንም ሞከረ፤ እሱም ዝም። በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ማንም አያውቅም። መልሶ ደረቷ ላይ አስቀመጠውና አንሶላውን እስከ አገጯ አለበሳት።

በሩ እንደገና ተንኳኳ፤ የአሁኑ የቸኮለ ሰው ማንኳኳት ነው።

"እህታችን አለች? መልሷን ልውሰድ ብዬ ነው" አለ ደላላው ከውጭ።

ባልየው ሚስቱን አየ። እሷ ጣሪያውን እያየች፣ ትንፋሿ እንቁላሎቹን እንዳያንቀሳቅስ ቀስ ብላ ተነፈሰች።

"ፓስፖርቴን ተቀበለውና ሸኘው" አለች። "መነሳት አልችልም።"