ሾርባው ፍሬሽ ነው በላት

«ሱፕ!» አለ ሳሙና፣ ሳህኑን ከፈረንጇ ፊት አስቀምጦ። እንዲህ ብቻ ብሎ ቢተወው ምን ነበረበት! አፍንጫውን በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ፣ ምላሱን እስከ አገጩ አውጥቶ «ኧቅ!» ብሎ ጨመረበት።

ፈረንጇ ማንኪያዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ሾርባውን አየች። ሳሙናን አየች። እንደገና ሾርባውን አየች።

ሳሙና ደግሞ ምን እንዳጠፋ አልገባውም። ቃሉን እንደተማረው ነው ያለው። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚሁ ሆቴል ጓዳ፣ እስከ ክርኑ ቅባት ውስጥ ተነክሮ ሳህን ሲያጥብ ኖሯል፤ ሳሙና የተባለውም ለዚሁ ነው። እንግሊዝኛ ያስተማረው ስልኩ ነው። መምህር ቅሌት የሚሉት አንድ ቀልደኛ አለ፣ በየቀኑ አጭር ቪዲዮ የሚለቅ። «ስፑን» ሲል በማንኪያ ጆሮውን ይጎረጉራል። «ናፕኪን» ሲል በአፍ መጥረጊያው ጨርቅ ብብቱን ይጠርጋል። «ሱፕ» ያለ ቀን አንድ ጉንጭ ሾርባ ይዞ በአፍንጫው አወጣውና አፍንጫውን ቆንጥጦ «ኧቅ!» አለ። ሳሙና ስልኩን መደርደሪያው ላይ አስደግፎ፣ አብሮ እየጮኸ፣ አብሮ እያደረገ፣ መቶ ምናምን ቃል ያዘ። አሁን ቃሉ ያለ ድርጊቱ አይወጣለትም። እንዲያውም እጁ አፉን ይቀድማል።

ዛሬ ደግሞ የሙከራ ቀኑ ነው። በዚሁ ሆቴል ክፍል የምታጸዳው እህቱ ስድስት ወር ሙሉ ሥራ አስኪያጇን ለምና፣ ደጅ ጠንታ፣ «እሺ፣ አንድ ምሳ አስተናግዶ ልየው» አስብላታለች። ካለፈ አስተናጋጅ ነው፤ ከወደቀ ወደ ቅባቱ።

ሥራ አስኪያጇ ማድቤቱ በር ላይ ክንዱን ጨምድዳ ያዘችው።

«አንተ! ሴትዮዋን ምን አደረግካት?»

«ምንም። ሱፕ ነው ያልኳት፣ እትዬ።»

«ኧቅ አላልክም? በዚህ ጆሮዬ ሰምቼህ!»

«እሱማ አብሮ ነው የሚመጣው።»

«ምኑ ነው አብሮ የሚመጣው?»

«ትምህርቱ።»

«የእህትህ ዓይን ባይከብደኝ አሁኑኑ ነበር የማባርርህ! ሂድና ሾርባው ፍሬሽ ነው በላት። ፍሬሽ ታውቃለህ?»

«አሳምሬ!»

«እጅህን ወደ ኋላ አጣምረህ! ፊትህን ብትነካ ውርድ ከራሴ።»

ሼፉ ከምድጃው አጠገብ ሆኖ ሆዱ እስኪፈርስ ሳቀ። እየሳቀም ከስድስት ቁጥር ጠረጴዛ የተመለሰውን ሾርባ ወደ ትልቁ ድስት ገለበጠው። አንድ የታኘከ ነገር ላይ ላዩን ሲንሳፈፍ በጣቱ ለቀም አድርጎ ወለሉ ላይ ጣለው፤ ጣቱን በሽርጡ ጠረገና ማማሰሉን ቀጠለ።

«ምን ታፈጣለህ?» አለው ሳሙናን። «ሾርባ ጡረታ አይወጣም።»

ሳሙና ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። የዚህ ማድቤት ሥራ እንዲህ ነው፤ የተረፈ ይመለሳል፣ ይፈላል፣ ይወጣል። ሳህኖቹ ተንጠፍጥፈው ስለሚደርሱት «ግማሽ ሥራዬን አቀለላችሁልኝ» እያለ ሲቀልድ ነው የከረመው። ከጓዳ ሆኖ ሳህን እንጂ አፍ አይታይም። ዛሬ ግን ስድስት ቁጥር ላይ የተቀመጠውን ሰውዬ አይቶታል። ጉንፋን የያዘው ሰውዬ ነው። ሳህኑ ላይ አጎንብሶ ሲያስል፣ ሲያስነጥስ፣ ያኘከውን ጅማት መልሶ ሲተፋበት አይቷል። ሳህኑን ያነሳው ራሱ ሳሙና ነው። ያመጣውም ራሱ ነው። የፈረንጇ ሾርባ ደግሞ ከዚያው የትራፊ ድስት የተቀዳ ነው።

ኮሪደሩ ላይ እህቱ የቆሸሸ አንሶላ እስከ አገጯ ታቅፋ ትጠብቀው ነበር።

«አለፍክ?»

«ገና ነኝ። እታለም፣ ሾርባውን ታውቂያለሽ?»

«ማን የማያውቅ አለ? ለዚህ አይደል እኛ የማንቀምሰው?» አለች፣ ዙሪያዋን ቃኝታ። «በእናትህ እንዳታዋርደኝ! ስንት ቀን እግሯ ላይ እንደወደቅኩ ታውቃለህ? አፍህን ሰብሰብ አድርገህ ዛሬን እለፍ።»

ከአንሶላው የሰው ላብ ሸተተው። እሷም ስትሸከመው የኖረች፣ ሽታውን ለምዳው የቀረች።

እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ወደ ምግብ አዳራሹ ገባ። ዛሬ የሚታየው ሁሉ አፍ ሆነበት፤ የሚያኝክ፣ የሚመጥ፣ ከንፈሩን የሚልስ አፍ። ሥራ አስኪያጇ ባንኮኒው ጋ ቆማ፣ ለእንግዶቹ ጥርሷን ለእሱ ዓይኗን አሳየች።

ፈረንጇ ቀና አለች። በጣቷ ሾርባውን ጠቁማ በቅንድቧ ጠየቀችው።

ሳሙና አፉን ከፈተ። ጉሮሮው ስር ያለው ማቅለሽለሽ አሁን የመምህር ቅሌት አይደለም፤ የራሱ ነው።

«ኖ ፍሬሽ» አለ፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። እጁ ንቅንቅ አላለም።

ፈረንጇ ማንኪያዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ሳህኑን ገፋ አድርጋ፣ ፈገግ ብላ፣ አውራ ጣቷን አሳየችው።

ሥራ አስኪያጇ ከሩቅ ያየችው ፈገግታውንና አውራ ጣቱን ነው። ፊቷ በራ። ለሳሙና አንገቷን ከፍ ዝቅ አደረገችለት፤ አልፈሃል ማለቷ ነው። ከኮሪደሩ በር ጀርባ ደግሞ እህቱ እልልታው ሊያመልጣት ሲል በአንሶላው አፈነችው።

አለቀ። ነገ አስተናጋጅ ነው። ዞር ብሎ መሄድ ብቻ ነበር የቀረው።

ዞር ሲል ከጎን ያለው ጠረጴዛ ላይ አንድ ሽማግሌ እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ባለቤታቸው ሾርባ በማንኪያ ቀድተው እፍ እፍ ይላሉ። አሮጊቷ እንደ ወፍ ጫጩት አፋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ። እነሱ ምንም አልጠየቁትም። በአውራ ጣትም በእንግሊዝኛም የሚሸፈን ነገር እዚህ የለም፤ በገዛ ቋንቋው የሚለውን ሁሉ አዳራሹ ይሰማዋል።

ሥራ አስኪያጇን አያት። የእህቱን በር አየ። ማንኪያው ከአሮጊቷ ከንፈር ሊደርስ አንድ ጣት ሲቀረው የተጣመረ እጁን ፈታና ሳህኑን በመዳፉ ከደነው።

«አባባ፣ ለእማማ አይስጧቸው» አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «የሰው ትራፊ ነው።»